ሲሲሊ ታይሰን ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የሁለተኛ ዓመት የቴአትር ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«መምህር፣ ቪዮላ ዴቪስ በምትሠራበት ተከታታይ ድራማ ላይ እናቷን ሆና የምትጫወተዋን አሮጊት አይቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሲሲሊ ታይሰን ትባላለች። ታሪኳን ሳነብ ከ60 ዓመት በላይ ሠርታለች ይላል። ግን በመሪ ተዋናይነት የሠራቻቸውን ትላልቅ ፊልሞች ብቆጥር ከአንድ እጅ ጣት አያልፉም። መሃል ላይ ደግሞ ጭራሽ የጠፋችባቸው ዓመታት አሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ ክብር ከየት መጣ? ዕድሜዋን ደብቃለች የሚባለውስ እውነት ነው?»

ቆጠራሽ ልክ ነው። ግን ሲኒማ ቤት ውስጥ ብቻ ነው የቆጠርሽው። የሲሲሊ ትልልቅ ሥራዎች ያሉት ቴሌቪዥንና መድረክ ላይ ነው። ጠፋችባቸው ያልሻቸው ዓመታት ደግሞ፣ ብዙዎቹ ራሷ «ይሄንን አልሠራም» እያለች የከፈለችባቸው ናቸው። ይህን ካልያዝን ታሪኳ የሽልማት ዝርዝር ሆኖ ይቀራል።

ከዕድሜዋ ልጀምር። እሱ ካልጠራ ሌላው አይጠራም። የተወለደችው ዲሴምበር 19 ቀን 1924 ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ወላጆቿ ከካሪቢያኗ ኔቪስ ደሴት የመጡ ስደተኞች ናቸው። እናቷ ሰው ቤት እያጸዳች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። በሃይማኖቷ ጥብቅ ስለነበረች ሲኒማ ቤት ዝር አታስብላቸውም። ሲሲሊ ገና በልጅነቷ መንገድ ላይ የዕቃ መያዣ ከረጢት ትሸጥ ነበር። አድጋ ቀይ መስቀል ቢሮ ጸሐፊ ሆነች። አንድ ቀን «እግዚአብሔር የፈጠረኝ ዕድሜ ልኬን ታይፕ ስቀጠቅጥ እንድኖር አይደለም» ብላ ተነሳች፤ ይህን ራሷ ደጋግማ ታወራው ነበር። መጀመሪያ ሞዴል ሆነች። ከዚያ ወደ ትወና ገባች። እናቷ ይህን ስትሰማ ከቤት አስወጣቻት። ለረጅም ጊዜም አኮረፈቻት።

እንግዲህ ትወናን የጀመረችው ወደ 30 ዓመቷ ገደማ ነው። ለዚያ ዘመን፣ ለሴት፣ ለዚያውም ለጥቁር ሴት፣ ይሄ «አለፈሽ» የሚባልበት ዕድሜ ነው። ገና ከጅምሩ አሥር ዓመት ያህል ቀንሰሽ ተናገሪ ተብላ ተመከረች። ቀነሰችም። ለአሥርት ዓመታት ብዙ መዛግብት የልደት ዓመቷን 1933 ብለው ሲጽፉ ኖሩ። ስለዚህ አዎ፣ እውነት ነው።

ትርጉሙ የሚገባሽ ስታሰይው ነው። በ1972 «ሳውንደር» የተባለው ፊልም ሲወጣ ተመልካቹ የ38 ዓመት ሴት የሚያይ መስሎት ነበር። እሷ 47 ሞልቷታል። በ1977 «ሩትስ» በቴሌቪዥን ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ክፍል ዋናውን ባለታሪክ ኩንታ ኪንቴን አምጣ የምትወልደው ቢንታ እሷ ናት። ያኔ 52 ዓመቷ ነው። ማንም አልጠረጠረም። እኔ በዚህ አልፈርድባትም። ቁጥሩን ዝቅ ባታደርገው ኖሮ እነዚያን ሚናዎች የሚሰጣት አልነበረም። ፊቷና ጉልበቷ ደግሞ ውሸቱን ተሸክመውላታል።

አሁን ወደ መድረክ እንምጣ። በ1961 ኒው ዮርክ፣ ሴንት ማርክስ ፕሌይሃውስ በሚባል ትንሽ ቴአትር ቤት የፈረንሳዊው ዣን ዥኔ «ጥቁሮቹ» የተባለ ተውኔት ተከፈተ። ቦታው ብሮድዌይ አይደለም። ከትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ውጭ ያለ፣ ወንበሩም ክፍያውም ትንሽ የሆነ ቤት ነው። ተውኔቱ ግን 1,408 ጊዜ ታየ። መድረኩ ላይ የነበሩትን ስሚ፦ ጄምስ ኧርል ጆንስ፣ ሮስኮ ሊ ብራውን፣ ሉዊስ ጎሴት፣ ማያ አንጀሉ፣ ሲሲሊ ታይሰን። በኋላ አሜሪካ በስም የምታውቃቸው ሰዎች ያኔ በአንዲት ጠባብ መልበሻ ክፍል ይጋፉ ነበር። አንዱ ሌላ ሥራ ሲያገኝ ይሄዳል፣ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ትምህርት ቤት ቢባል የሚያንስበት አይመስለኝም። ጄምስ ኧርል ጆንስን ግን አትርሺው፤ ወደ መጨረሻ እንፈልገዋለን።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቴሌቪዥን ጠራት። በ1963 ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ «ኢስት ሳይድ/ዌስት ሳይድ» የተባለ ተከታታይ ድራማ ጀመረ። መሪው ጆርጅ ሲ ስኮት ነው፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆኖ ይሠራል። ሲሲሊ የቢሮው ጸሐፊ ጄን ፎስተር ናት። ሚናዋ ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ ዴስክ ኋላ ተቀምጣ ነው የምትታየው። ግን በዋና ሰዓት በሚተላለፍ ድራማ ላይ ቋሚ ሚና ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ጸሐፊ እንጂ የቤት ሠራተኛ አለመሆኗን አስተውዪ። በዚያ ላይ ፀጉሯን ሳትተኮስ፣ አጭር አድርጋ፣ እንደተፈጠረ ይዛው ቀረበች። ይሄ ዛሬ ምንም ላይመስልሽ ይችላል። ያኔ ግን የአሜሪካ ጥቁር ሴት ፀጉሯን ሳታለሰልስ ቢሮ አትገባም፤ ቴሌቪዥን ላይማ የማይታሰብ ነው። ሴቶች እሷን አይተው መተኮስ ሲተዉ፣ የፀጉር ሠሪዎች ገበያችንን ዘጋሽብን እያሉ ደብዳቤ ይጽፉላት እንደነበር እየሳቀች ትናገራለች። ድራማው ከ26 ክፍል በኋላ ተቋረጠ። በደቡብ ያሉ አንዳንድ ጣቢያዎች መጀመሪያውኑ አናስተላልፍም ብለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየተከታታይ ድራማው የእንግዳ ሚና እየሠራች ቆየች። ኑሮ ነው።

«ሳውንደር» ላይ ትንሽ ልቆይ። ፊልሙ በ1930ዎቹ ሉዊዚያና ውስጥ በሰው መሬት ላይ እያረሱ እኩል የሚያካፍሉ፣ ማለትም የእኛዎቹ አያቶች ጭሰኛ የሚሉት ዓይነት ኑሮ ያላቸውን ጥቁር ቤተሰብ ያሳያል። አባትየው ለልጆቹ ሥጋ ሰርቆ ይታሰራል። ሚስቱ ርብቃ፣ ሲሲሊ ናት፣ እርሻውንም ልጆቹንም ብቻዋን ትይዛለች። አዘጋጁ ማርቲን ሪት መጀመሪያ ለዚህ ሚና አልታየችውም ነበር። መልኳ ለጭሰኛ ሚስት አይሆንም ብሎ ነው። እሷ ግን ከርብቃ በቀር አልሠራም አለች።

ተማሪ ከሆንሽ ባልየው የሚመለስበትን ትዕይንት ደጋግመሽ እዪው። ቤቱ በር ላይ ናት። ውሻው ይጮሃል። ሩቅ መንገዱ ላይ አንድ የሚያነክስ ሰው ይታያል። ርብቃ ወዲያው አትሮጥም። ዓይኗን አጥብባ ታያለች። ማመን ትፈልጋለች፣ ትፈራለች። ከዚያ እግሯ ይቀድማታል። በዚያ አቧራ መንገድ ላይ እጇን ዘርግታ ስትሮጥ ሩጫው የተዋናይ ሩጫ አይደለም፤ አያምርም። ጉልበቷ ወዲህ፣ ቀሚሷ ወዲያ። ቆንጆ ሆኖ መታየትን ጨርሳ ረስታዋለች። ብዙ ተዋናዮች እዚህ ትዕይንት ላይ ያለቅሱ ነበር። እሷ ሮጠች። በቃ።

ለኦስካር ታጨች። ፊልሙም፣ ባሏ ሆኖ የሠራው ፖል ዊንፊልድም ታጩ። ሽልማቱን ላይዛ ሚኔሊ ወሰደች።

የሥራ ዘመኗን አቅጣጫ ያስያዘው ግን ፊልሙን ለማስተዋወቅ ከተማ ለከተማ ስትዞር የገጠማት ነገር ነው። አንድ ነጭ ጋዜጠኛ ተነስቶ ፊልሙ ላይ አንድ ነገር እንዳልተመቸው ተናገረ። ጥቁሩ ልጅ አባቱን የሚጠራበት አጠራር፣ የጋዜጠኛው የራሱ ልጅ እሱን የሚጠራበት ነው። ይሄው ነው ያልተመቸው። ሰውየው በክፋት አልነበረም የተናገረው፤ ስሜቱን ነው የገለጸው። እሷን ያስደነገጣትም ይሄ ነበር። ጥቁር አባትና ልጅ ልክ እንደ እሱና እንደ ልጁ እንደሚዋደዱ ለካ አስቦት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ «ዝም ብዬ ተዋናይ ብቻ መሆን ለእኔ ቅንጦት ነው» ብላ ወሰነች። ሚና የምትመርጠው ይህን ይዛ ሆነ።

አስቢው እንግዲህ፣ ይህን የወሰነችው ሆሊዉድ በርካሽ በጀት የጥቁር ፊልም እንደ ጉድ በሚያመርትበት ሰዓት ነው። ዕፅ ነጋዴ፣ ደላላ፣ ሴተኛ አዳሪ፣ ጠብመንጃ። ገንዘቡ እዚያ ነበር። ጓደኞቿ ይሠሩ ነበር። እሷ አይሆንም አለች። የመረጠቻቸውን እይ፦ በ1978 ባሪያዎችን ያስመለጠችውን ሃሪየት ተብማንን፣ በዚያው ዓመት የማርቲን ሉተር ኪንግን ሚስት ኮሬታን፣ በ1981 የቺካጎዋን መምህርት ማርቫ ኮሊንስን። ሦስቱም ቴሌቪዥን ናቸው። አየሽ፣ ለዚህ ነው ሲኒማ ቤት ፈልገሽ ያጣሻት።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የ1974ቱ ነው። «የሚስ ጄን ፒትማን ግለ ታሪክ» ጃንዩዋሪ 31 ቀን በሲቢኤስ ታየ። የኧርነስት ጌይንስ ልብ ወለድ ነው፤ ብዙ ሰው ጄን ፒትማን በሕይወት የነበረች ሴት ትመስለዋለች። በባርነት ተወልዳ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱን አይታ፣ የዜጎች መብት ትግሉ ድረስ የኖረች የ110 ዓመት አሮጊት። የ49 ዓመቷ ሲሲሊ ከወጣትነቷ እስከ 110 ዓመቷ ድረስ ተጫወተቻት። ሜካፑን የሠሩት ስታን ዊንስተንና ሪክ ቤከር ናቸው፤ ሁለቱም ያኔ ወጣቶች፣ በኋላ የሙያው አውራዎች። የላስቲክ ቆዳ ፊት ላይ ሲለጠፍ ተዋናይ መጀመሪያ የሚያጣው ፊቱን ነው። የቀረው ዓይን፣ ድምፅና እጅ ብቻ ነው። ለዚህ ብላ የአረጋውያን መኖሪያ ሄዳ ሽማግሌዎችን ስታጠና ነበር። እንዴት እንደሚቀመጡ፣ እንዴት እንደሚነሱ፣ ንግግር መሃል እንዴት እንደሚያርፉ።

መጨረሻው ላይ አሮጊቷ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ቆማለች። «ለነጮች ብቻ» የተባለ የውሃ ቧንቧ አለ። ፖሊሶች አሉ። ሕዝቡ ከኋላ ቆሟል። ምርኩዟን ይዛ ብቻዋን ትሄዳለች። አዘጋጁ ጆን ኮርቲ አልቸኮለም፤ እያንዳንዷን እርምጃ ያሳየናል። ትደርሳለች። ጎንበስ ትላለች። ትጠጣለች። ዞራ በመጣችበት አካሄድ ትመለሳለች። አንድም ቃል አትናገርም፤ ፊቷም ላይ የድል ፈገግታ የለም። ውሃ የጠማት ሰው ጠጣች። ተማሪዎቼን የማሳያቸው እዚህ ላይ ነው፦ ታሪካዊ ጊዜ ነው ብለሽ ታሪካዊ ፊት አታሳዪ።

ፊልሙ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ዘጠኝ ወሰደ። ሁለቱ የሷ ናቸው። በዚያ ምሽት አሜሪካ ውስጥ ሳሎኑ ውስጥ ሆኖ ያያት ሰው ብዛት፣ «ሳውንደር»ን ሲኒማ ቤት ሄዶ ካየው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከእነዚያ ሳሎኖች አንዱ ሮድ አይላንድ ውስጥ፣ ሴንትራል ፎልስ የሚባል ከተማ ያለ የድሃ ቤት ነው። እዚያ አንዲት ትንሽ ልጅ ተዋናይ መሆን እንደምትችል ለመጀመሪያ ጊዜ የገባት ይህን ፊልም ስታይ ነው። ልጅቷ ቪዮላ ዴቪስ ናት።

አሁን የክፍያውን ነገር እናንሳ። «አይሆንም» ማለት የሚያምረው በኋላ ሲወራ ነው። ስትኖሪው ስልክ አይደወልም። የፊልም ሠሪው ታይለር ፔሪ በአደባባይ እንደተናገረው፣ ለ«ሳውንደር» የተከፈላት 6,000 ዶላር ነበር። ኦስካር ባሳጫት ሥራ! በዚህ ተናድዶ ከዓመታት በኋላ እሱ ፊልም ላይ ለአንድ ቀን ሥራ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደከፈላት ነው የተናገረው። የፔሪን ፊልሞች የሚንቁ ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዳንዶቹን አልወዳቸውም። ግን ለትልልቅ ሴት ተዋናዮች ሥራ ሰጥቷል። ይሄ ሊነገርለት ይገባል።

ቅድስት እንዳናደርጋት ደግሞ። በ1976 ሌኒንግራድ ውስጥ በተቀረጸ የአሜሪካና የሶቪየት የጋራ ፊልም ላይ ድመት ሆና ሠርታለች። አዎ፣ ድመት። ኮንኮርድ አውሮፕላን አደጋ ላይ የሚወድቅበት ፊልም ላይም አለች። በ1981 ከሪቻርድ ፕራየር ጋር የሠራችው ኮሜዲ ደስ ይላል፤ ሳቅ ላይ ምን ያህል ትችል እንደነበር ያሳያል። እውነቱን ለመናገር፣ የጠበቀው መመዘኛዋ ብዙ የሳቅ ሚና ያስቀረባት ይመስለኛል። ለእኛም ጉዳት ነው።

ከጃዝ ሙዚቀኛው ማይልስ ዴቪስ ጋር የነበራት ጋብቻ ሰው የሚያወራው ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። በ1960ዎቹ ተዋወቁ፤ የ1967ቱ አልበሙ ሽፋን ላይ ያለው የጎን ምስል የሷ ነው። በ1981 ተጋቡ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ተፋቱ። እሱ በጤናው ወድቆ በነበረበት ጊዜ ብዙ ደግፋዋለች። ትወናዋን ለመረዳት ግን ይህ ብዙም አይጠቅምሽም።

በ1983 ብሮድዌይ ላይ የመምህርት ሚና ይዛ ቀረበች። ተውኔቱ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ከዚያ ብሮድዌይን 30 ዓመት አላየችውም። በእነዚያ ዓመታት ደጋፊ ሚናዎችን ስትሠራ ነበር። በ1991 «ፍራይድ ግሪን ቶሜቶስ» ላይ ሲፕሲን፣ በ1994 ሦስተኛ ኤሚዋን ያስገኘላትን የቴሌቪዥን ሚና፣ በ2011 «ዘ ሄልፕ» ላይ ኮንስታንቲንን። የመጨረሻዋን በስክሪን ላይ የምታያት ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከፊልሙ ወጥተሽ የምታስቢው ግን እሷን ነው።

ቁልፉ ታሪክ እነሆ። በ1985 «ዘ ትሪፕ ቱ ባውንቲፉል» የተባለውን ፊልም ጀራልዲን ፔጅ ስትሠራው አየች። ከልጇና ከምራቷ ጋር ሂውስተን ውስጥ ጠባብ አፓርታማ ላይ የተጣበቀች አሮጊት ናት፤ አንድ ጊዜ ያደገችበትን መንደር አይታ መሞት ትፈልጋለች። ሲሲሊ ወኪሏን «ለእኔም የራሴን ባውንቲፉል ፈልግልኝ፣ ከዚያ ጡረታ እወጣለሁ» አለችው። ወኪሉ አላገኘላትም። ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ ራሱ ተውኔቱ መጣላት። በ2013 ብሮድዌይ ላይ ካሪ ዋትስን ሆና ወጣች። 88 ዓመቷ ነበር።

ብሮድዌይ በሳምንት ስምንት ትርኢት ነው። በ88 ዓመት ስምንት ጊዜ ያን ሁሉ ቃለ ተውኔት በቃል መያዝ ምን እንደሆነ ልምምድ ላይ አንድ ገጽ የሚጠፋብን ሁላችን እናውቃለን። አንድ ቦታ ላይ ካሪ አውቶቡስ መናኸሪያ ተቀምጣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ታዜማለች። ተመልካቹ መዝሙሩን ያውቀዋል። በየምሽቱ ሰው ከወንበሩ ሆኖ አብሯት ይዘምር ጀመር። ብሮድዌይ ላይ ይሄ ነውር ነው፤ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያየው። ይዘምሩ የነበሩት ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። እሷም አላስቆመቻቸውም። ጁን 9 ቀን የብሮድዌይን ትልቁን ሽልማት፣ ቶኒን፣ ተሸለመች። ጡረታውን ግን ረሳችው።

በ2015 ደግሞ «ዘ ጂን ጌም» የሚባል፣ ሁለት ሽማግሌዎች ካርታ እየተጫወቱ የሚጣሉበት ተውኔት ብሮድዌይ ላይ ሠራች። ሁለት ተዋናይ ብቻ ነው ያለው፤ የሚደገፉበት ሌላ ሰው የለም። አብሯት የሠራው ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። በዚያች ጠባብ ቴአትር ቤት ከተገናኙ 54 ዓመት ሆኗቸው ነበር። እሷ 90፣ እሱ 84።

አንቺ ያየሻት በዚያው ዓመት ነው፤ ኦፊሊያ ሆና፣ «ሃው ቱ ጌት አዌይ ዊዝ መርደር» ላይ። መጀመሪያ የመጣችበት ክፍል ውስጥ ልጇን ወለል ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን እያበጠረች ስለ ድሮው ቤት ቃጠሎ ትነግራታለች። እጇን እይ። ማበጠሪያው አይቆምም። አስፈሪውን ነገር የምትናገረው ሥራ እየሠራች ነው። ያቺ በ1974 ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ያየቻት ልጅ አሁን እግሯ ሥር ተቀምጣለች። በኋላ የሲሲሊን ግለ ታሪክ መቅድም የጻፈችውም ቪዮላ ናት።

የክብሩን ነገር ቶሎ ልበለው፤ መጨረሻ ላይ ተግተልትሎ ነው የመጣው። በ2015 የኬኔዲ ማዕከል ክብር፣ በ2016 ከኦባማ እጅ የነፃነት ሜዳልያ፣ በ2018 የክብር ኦስካር። የክብር ኦስካር ለጥቁር ሴት ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። ግለ ታሪኳ ጃንዩዋሪ 26 ቀን 2021 ታትሞ ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በ96 ዓመቷ አረፈች።

ከየት ልጀምር ካልሽ፣ ከጄን ፒትማን ጀምሪ። ቀጥለሽ «ሳውንደር»ን እዪ። ከዚያ ኦፊሊያን እንደገና፣ ድምፁን አጥፍተሽ፣ እጇን ብቻ እያየሽ። የ2014ቱ የባውንቲፉል የቴሌቪዥን ፊልምም አለ፤ መድረኩን አይተካም፣ ግን አካሄዷን ለማጥናት በቂ ነው። የአውሮፕላኑን ፊልም ዝለዪው።